የተባረሩትን ታሪክ ማን ያመልክትላቸው?

በቴክሳስ ገጠር ለረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው በየመንገዱ ዳር የቆሙትን የታሪክ ሰሌዳዎች ሳያይ አያልፍም። በግዛቲቱ ከ16,000 በላይ አሉ። ትልቅ ሙዚየም የመገንባት አቅም የሌለው የገጠር ካውንቲ ታሪኩን ለአላፊ አግዳሚው የሚያስነብበው በእነዚሁ ነው። መልካም ሥራ ነው። ቅር የሚለኝ አሠራሩ ነው። ሰሌዳ የሚተከለው አመልካች ሲገኝ ነው፤ አመልካቹ ታሪኩን አጥንቶ ለካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን ያቀርባል፤ የግዛቲቱ ኮሚሽን ሲያጸድቀውም ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው እሱው ነው። እንግዲህ ከቦታው የተባረረ ሰው ታሪክ በማን በኩል ይቅረብ?

ወደ ሜክሲኮ ድንበር፣ 3,000 ገደማ ሰው ወደሚኖርበት ኪኒ ካውንቲ እንሂድ። ከባርነት አምልጠው በፍሎሪዳ ሴሚኖል ከሚባል የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጋር የኖሩ ጥቁሮችን ዘሮች፣ ሜክሲኮ ከተሰደዱ በኋላ፣ በ1870 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር ለቃኚነት ጠራቸው። በጦር ሰፈሩ በፎርት ክላርክ አጠገብ፣ በላስ ሞራስ ጅረት ዳር ሰፈሩ። ለአገልግሎታቸው መሬት እንደሚሰጣቸው ቃል እንደተገባላቸው ያምኑ ነበር። በ1875 ጆን ዋርድ፣ ፖምፒ ፋክተርና አይዛክ ፔይን ፈረሱን ያጣ አዛዣቸውን፣ ሌተናንት ጆን ቡሊስን፣ በፔኮስ ወንዝ አጠገብ በጥይት መካከል ተመልሰው አወጡት፤ ሦስቱም የአገሪቱን ከፍተኛ የጦር ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያን፣ ተሸለሙ። አራተኛው ተሸላሚ አዳም ፔይን ግን በጃንዋሪ 1 ቀን 1877 ከፎርት ክላርክ አጠገብ ባለችው በብራኬትቪል ከተማ ውስጥ ሊይዘው በመጣ የሕግ አስከባሪ ተገደለ። ገዳዩም ያንኑ ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነበር። ፋክተር ከዚህ በኋላ ጦሩን ትቶ ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ።

መሬቱስ? ጦሩ የምሰጠው መሬት የለኝም አለ፤ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ቢሮ ደግሞ በመዝገቤ ላይ የሉም አለ። በ1914 የቃኚዎቹ ክፍል ሲበተን ቤተሰቦቻቸው ከጅረቱ ዳር እንዲነሱ ተደረገ።

ዛሬ በመቃብር ሥፍራቸው የታሪክ ሰሌዳ አለ። ሥፍራውን የሚንከባከበው የዘሮቻቸው ማኅበር ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከያሉበት ተሰባስበው ያከብሩታል። ይህ ሁሉ የሆነው ሙታኑ በቦታቸው ስለቀሩና የሚጠይቃቸው ስላላጡ ነው። የመኖሪያ መሬቱ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረውም። ስንት የድንበር ካውንቲ ውስጥ እንዲህ ያለ መሬት እንዳለ ማሰብ ያሳምማል።

ግዛቲቱ ከማመልከቻ ክፍያ በሚገኝ ገንዘብ ያልተነገሩ ታሪኮችን የምትደግፍበት ፕሮግራም አላት። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚጠብቀው አመልካች ነው። እኔ የምጠይቀው ኮሚሽኑ ራሱ ፈልጎ እንዲሄድ ነው። በሌላ ከተማ፣ በኦክላሆማም ሆነ በሜክሲኮ የሚኖሩትን ዘሮች ጠርቶ ይስማ፤ ወጪውንም ይቻል። የሜዳሊያው ታሪክ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የመሬቱም ታሪክ፣ ማን ምን ብሎ እንደከለከለ ጭምር፣ በግልጽ ይጻፍ።