ማስተካከያ፦ በአፍንጫ ስለሚረጨው የማይግሬን መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ስለ ማይግሬን ስጽፍ «በአፍንጫ የሚረጨው ሱማትሪፕታን በቀጥታ አንጎል ውስጥ ይገባል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ደብረ ብርሃን ያለ ፋርማሲስት ወዳጄ እንዳነበበው ደወለልኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍንጫ የውስጥ ሽፋን በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። መድኃኒቱ በእነሱ በኩል ወደ ደም ይገባል። የተወሰነው ደግሞ በጉሮሮ ወርዶ ይዋጣል። ከአፍንጫ በማሽተቻ ነርቭ በኩል አንጎል የማድረስ ሐሳብ አለ፤ ግን ገና በምርምር ላይ ያለ ነው። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በአፍንጫ በኩል ደም ውስጥ የሚገባው ክፍል ጨጓራን አለመጠበቁ! ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ያስመልሳልም። ክኒኑን ውጠህ መልሰህ ብታወጣው ምን ዋጋ አለው?

«በኃይል ሳቡት» ማለቴም ልክ አልነበረም። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ምች ሲመታን ዳማከሴ አሽተን በአፍንጫችን መማግ ለምደናል፤ ልማዱ ሳይጎትተኝ አልቀረም። ስፕሬዩ ግን በቀስታ ነው የሚሳበው። በኃይል ከሳቡት ጉሮሮ ላይ ይወርዳል፤ ምሬቱ ደግሞ አይጣል ነው።

አንድ የዘለልኩትም አለ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ የመታው ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለው ሰው ሱማትሪፕታን አይወስድም፤ የደም ሥር ያጠብባልና። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሌላው የማይግሬን መድኃኒት ዛቬጌፓንትም በአፍንጫ ይረጫል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።