ማርቆስ ላይ ያየነው ግማሽ ቲያትር

ባለፈው ሐምሌ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ግድግዳ ላይ የቲያትር ፖስተር አየሁ፣ ቡድኑ ከአዲስ አበባ ነው፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ መግቢያ 300 ብር። ደስ አለኝና ለኔም ለአጎቴም ትኬት ቆረጥኩ። ጋሼ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ቲያትር አዳራሽ ግን ገብተው አያውቁም፣ ጠዋት ፀጉራቸውን ተስተካክለው ንፁህ ጋቢ ለብሰው ነው የጠበቁኝ።

9 ሰዓት ሆነ የለም፣ 10 ሆነ የለም። ዲጄው ያንኑ ዘፈን ይደጋግማል፣ ፊት ያሉት ወንበሮች ቪአይፒ ተብለው ባዶ ተቀምጠዋል፣ እናቶች ኋላ ቆመዋል። 10:40 ላይ ተጀመረ፣ ይቅርታ ያለ ሰው የለም።

ከዛ ዝናቡ ወረደ። የማርቆስን የሐምሌ ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም፣ እነሱ ደግሞ ያመጡት ማይክ አንድ ነው። እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ ጭኗ ላይ ልጇ እየሞተ በአንድ እጇ ማይኩን ይዛ ታለቅሳለች፣ እሱ የሚናገርበት ሲደርስ አፉ ላይ ታደርግለታለች፣ ሲጨርስ ወደራሷ ትመልሳለች። እሷን አልወቅስም፣ እንባዋ የእውነት ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ሲንሰቀሰቁ ነበር፣ በዛ ሁሉ ጫጫታ ማለት ነው።

ፖስተሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላል፣ በ50 ደቂቃ አለቀ። የሚሞተው ልጅ ታላቅ ወንድም ከስደት ይመጣል ይመጣል ሲባል ቆይቶ ሳይመጣ መጋረጃው ተዘጋ፣ በሱ ፋንታ አንድ ኮሜዲያን ወጥቶ በጎጃሜ አነጋገር ሲቀልድ ቆየ። ውጪ ላይ ከቡድኑ አንዱን ምነው አልኩት፣ "ለክፍለ ሀገር አጭሩን ነው ይዘን የምንመጣው፣ እዚህ ሰው ረጅም ነገር አይወድም" አለኝ።

ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆም፣ የአንዲት ቅኔ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ሲከራከር የሚውል ሰው ነው ረጅም ነገር አይወድም የሚባለው? የአማርኛ ቲያትር ሲጀመር ድርሰት ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እኮ እዚሁ ጎጃም የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፣ ከዚሁ ከቅኔው ቤት የወጣ።

እኔ የምኖረው ጀርመን ጊሰን የምትባል ከተማ ነው። ሕዝቧ መቶ ሺህ አይሞላም ግን የራሷ ቲያትር ቤት አላት፣ በፈረንጆቹ 1907 የተከፈተ፣ ያኔ የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶበታል፣ ግንባሩ ላይም የዜጎች የጋራ መንፈስ መታሰቢያ የሚል ተጽፎበታል። የራሱ ተዋንያን አሉት፣ ኦርኬስትራ አለው፣ መንግሥት ይደጉመዋል። ደወሉ ይደወላል በሩ ይዘጋል በሰዓቱ ይጀመራል። ሰው ጸጥ ብሎ አይቶ አጨብጭቦ ካፖርቱን ለብሶ ይሄዳል፣ እንደነዛ ሴትዮ ያለቀሰ እስካሁን አላየሁም። ግን ፍራንክፈርት ቅርብ ነው ተብሎ ለጊሰን ሰው ግማሽ ቲያትር አይቀርብለትም።

የብር ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ግን ለሠርግና ለልደት አዳራሽ ስንት ዩሮ የምናወጣ የማርቆስ ልጆች ውጭ አለን፣ አንድ ኮርኒስና አራት ማይክ አያቅተንም፣ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ደግሞ የሚጫወት ወጣት አያጣም። እኔ በበኩሌ እዚህ ያሉትን ማናገር ጀምሬያለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ ያ ከስደት ይመጣል ያሉት ወንድምየው ምን ሆነ?" አሉኝ። አላውቅም ጋሼ አልኳቸው። ማታ እናቴ ቡና ስትቆላ እሳቸው ራሳቸው ከመጀመሪያው ይነግሯት ጀመር፣ ወንድምየውንም አመጡት፣ ደጅ ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሰምቶ ሻንጣውን ይዞ እንደቆመ ሲሉ እናቴ ቡናው እስኪያርር ድረስ መቁያውን ረስታው ነበር።