ክሩን መገልበጥ ብቻውን ጊታሩን የግራኝ አያደርገውም

ባሕር ዳር ላይ ግራኝ ልጅ ከዘመድ የደረሰውን አሮጌ ቦክስ ጊታር ይዞ ሲመጣ የሚሰማው ምክር ወይ «በቀኝህ ልመደው» ወይ «ክሩን ገልብጠው» ነው፤ ማለትም ወፍራሙን ክር በቀጭኑ ቦታ፣ ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ አድርገው። የመጀመሪያው መልስም አያሻው። ሁለተኛው ግን ግማሽ ሥራ ሆኖ ሳለ እንዳለቀ ስለሚቆጠር የባሰ ነው።

ጣጣው ያለው ብሪጁ ላይ ነው፤ ክሩ ከጊታሩ ፊት ጋር የሚታሰርበት እንጨት ማለት ነው። በብረት ክር ጊታር ሳድሉ፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቀጭን ዘንግ፣ ሰያፍ ነው፤ ወፍራሙ ክር ከቀጭኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረዝም ተብሎ። ክሩ ሲገለበጥ ወፍራሙ አጭሩ ጫፍ ላይ ይወድቃል። የክሩ ርዝመት 645 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር፣ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ የወፍራሙ ድምፅ 8 ሴንት ገደማ ከፍ፣ የቀጭኑ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነውና ትንሽ ይመስላል፤ ሁለቱ አብረው ሲመቱ ግን ልዩነቱ 16 ነው። ክሩ ሳይጫን ባዶውን ሲመታ ስለማይሰማ ብዙ ሰው መቃኛውን ይወቅሳል።

የተለመደው መፍትሔ የሳድሉን ቦይ በጠንካራ እንጨት ሞልቶ በተቃራኒው ሰያፍ እንደገና መቅረጽ ነው። ለተራ ጊታር ይሁን፤ ወይራም ይበቃል። ዋጋ ላለው አሮጌ ጊታር ግን አዲስ ብሪጅ ይሠራለት፣ የድሮው ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ነገ ገዢው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሊሆን ይችላል። ብሪጁ ሲነሳ ሙጫው በሙቀት እስኪለሰልስ መታገሥ ነው። የቸኮለ ቢላዋ የፊቱን እንጨት ጭረት አብሮ ይነቅላል።

በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በቦዮቹ የሚያልፉበት ነቱም አይተርፍም። በተለመደው ቀላል የክር ስብስብ ቀጭኑ ክር 0.30፣ ወፍራሙ 1.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦይ አይገባም፣ ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ይወዛወዛል። ከሉካንዳ የተገኘ የበሬ ቅልጥም ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ በደንብ ከደረቀ ጥሩ ነት ይወጣዋል። የፍሬት ምልክት ነጥቦችም በሌላው የአንገት ጠርዝ ይደገማሉ።

ሆዱ ውስጥ ያሉትን ደጋፊ እንጨቶች ለመገልበጥ ጊታሩን ማስከፈት ግን ትርፍ የለውም። ፊቱን ከጭረት የሚጠብቀውን ፒክጋርድም ተዉት፤ ሲነሳ ከሥሩ ያልጠቆረ እንጨት ይቀራል። የናይለን ክር ጊታር ሳድሉ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነቱንና የሳድሉን ከፍታ ማስተካከል ይበቃዋል፤ ለጀማሪ ግራኝ የምመክረውም እሱን ነው። አሜሪካዊቷ ግራኝ ጊታር ተጫዋች ኤልዛቤት ኮተን ደግሞ ክሩን ሳትነካ ጊታሩን ብቻ ገልብጣ ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ጊታሩም አይጎዳም።

የሳድሉ ከፍታ የመጨረሻው ሥራ ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ በወፍራሙ 2.4፣ በቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲርቅ። ጣና ዳር ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ፊቱ ያብጣል፣ ክሩም ይነሳል። በነሐሴ ዝቅ ተደርጎ የተሞረደ ሳድል የካቲት ላይ ፍሬት እየነካ ይንጫጫል፤ ስለዚህ ሞረዱ እስከ ኅዳር ይቆይ።