ጂልቤርቶ ጂል፦ ከሳልቫዶር ምክር ቤት እስከ ባህል ሚኒስቴር

ስለ ብራዚላዊው ጂልቤርቶ ጂል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ጊታራቸውና ስለ ዜማቸው ነው። ፖለቲካቸው የታዋቂ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ይመስል በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኔ እምነት ጂል የባህል በጀት ለማን መድረስ እንዳለበት አጥብቀው የጠየቁ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ጥያቄውንም ይዘው የመጡት ከትውልድ አገራቸው፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከምትገኘው የባሂያ ክፍለ ግዛት ነው።

ወታደራዊው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 መጨረሻ አስሯቸው ነበር። ከዚያም ለንደን ተሰደው በ1972 ተመለሱ። በ1988 የባሂያ ዋና ከተማ የሆነችውን ሳልቫዶርን በከንቲባነት ለመምራት ፈለጉ፤ ፓርቲያቸው ግን ዕጩ ሊያደርጋቸው አልፈቀደም። ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ወደ መድረኩ በተመለሰ ነበር። እሳቸው ዝቅ ብለው ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ ከዕጩዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ አግኝተውም ገቡ። አብዛኛው ነዋሪዋ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘር በሆነባት፣ ሥልጣኑ ግን በጥቂት ነጮች እጅ በቆየባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሬዚዳንት ሉላ በ2003 የባህል ሚኒስትር አድርገው ሲሾሟቸው፣ ጂል በመጀመሪያ ንግግራቸው ሥራቸውን ከእሽት ሕክምና ጋር አመሳሰሉት፤ የአገሪቱን የባህል አካል የደነዘዙ ሥፍራዎች ፈልጎ መጫን ነው አሉ። በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው «የባህል ነጥቦች» መርሐ ግብር ይህንኑ በተግባር አሳየ። መንግሥት አዲስ አዳራሽ አልገነባም። በድሆች ሰፈር ቀድሞውኑ ቲያትር የሚሠራውን፣ ካፖኤራ የተባለውን የጥቁር ብራዚላውያን የትግልና የጭፈራ ጥበብ የሚያስተምረውን፣ ሳምባ የሚጨፍረውን ማኅበር በጨረታ መልክ አወዳድሮ ለዓመታት የሚዘልቅ ድጋፍ ሰጠው። ከገንዘቡ ጋር ኮምፒውተር፣ የድምፅና የምስል መቅረጫ ደረሰው፤ ኮምፒውተሩም የሚሠራው ፈቃድ በማይገዛለት ነፃ ሶፍትዌር ነበር። የሰፈሩ ልጅ የሰፈሩን ጭፈራ ራሱ እንዲቀርጽ ማለት ነው። በ1890 የወንጀል ሕግ የሚያሳስረው ካፖኤራም በሐምሌ 2008 በሳልቫዶር የብራዚል ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ጂል ሥልጣናቸውን የለቀቁት በዚያው ወር ነው።

ጉድለቱ ቀላል አልነበረም። ከበሮ መቺና ጭፈራ አስተማሪ የሕንፃ ተቋራጭ ይመስል በደረሰኝና በሪፖርት ተጨናነቀ፤ ክፍያ ዘገየ፤ ብዙ ማኅበራት በውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ደከሙ። ሐሳቡን ያመነጨው መሥሪያ ቤት የሒሳብ አሠራሩን አስቀድሞ ማቅለል ነበረበት። አሠራሩን የሚያቃልል ሕግ የወጣው በ2014 ነው፤ በጣም ዘግይቶ።

ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ በ2019 ሚኒስቴሩን አፈረሱት። ሉላ በ2023 መልሰው አቋቁመው ለሌላዋ የሳልቫዶር ድምፃዊት ለማርጋሬት ሜኔዜስ ሰጡት። ሜኔዜስንም ብሔራዊ ቲያትር ቤቶች በሚያገኙት ድርሻ ሳይሆን፣ በባሂያ ገጠር ላለ ትንሽ የሳምባ ማኅበር ክፍያው በቀኑ መድረሱን እያየን እንመዝናቸው።