ስድስት ኪሎ የሚሠለጥን ሰው ቦሌ ምን አሳደረው?

ክርክሩ የተነሣው ጎንደር ፒያሳ፣ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው። አንዲት ነርስ ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ሥልጠና አላት። ጠዋት ጠዋት መሮጥ ልማዷ ነው። «የት ልረፍ?» አለች እንጂ ሸንጎ ይቀመጥልኝ አላለችም።

መርካቶ የሚመላለሰው የጨርቅ ነጋዴ ቀደመ። «ቦሌ ነዋ! ከአውሮፕላን ወርደሽ አፍታም ሳይቆይ አልጋሽ ላይ ነሽ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ምግቡ ከደጅሽ ነው።»

ጡረታ የወጡት መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጅቱ የምትማረው ስድስት ኪሎ፣ አንተ የምታሳድራት ቦሌ! ጠዋት ከተማውን አቋርጣ ዳገት ልትወጣ? ፒያሳ ትረፍ። ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ቤት ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቋት ፒያሳ እኮ የለችም። 2016 ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አብራ ሄደች» አለ ነጋዴው።

«የፈረሰው ፈርሷል። ጣይቱን በ2007 እሳት እንኳ ሞክሮት ቆሟል።»

የባጃጅ ሹፌሩ ጣልቃ ገባ። «አክስቷ አያት ኮንዶሚኒየም እያሉ አልጋ መከራየት ምን አመጣው? አበሉ ኪስ ይግባ። ባቡሩ እንደሆነ ከ2008 ጀምሮ ከአያት ይነሣል።»

ይህ ሐሳብ ለጊዜው ሁሉንም ዝም አሰኘ፤ አበል ኪስ ይግባ ሲባል ማን ይቃወማል? መልሱን የሰጠችው ራሷ ነርሷ ናት። ባቡሩ ከአያት በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በስታዲየም አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል እንጂ ስድስት ኪሎ አይደርስም። መገናኛ ወርዳ ታክሲ ልትሰለፍ ነው፤ ሰልፉ የሚረዝመው ደግሞ ልክ ሠራተኛ በሚገባበት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። «አክስቴስ ቢሆኑ ገና ሳይነጋ ሩጫ ልውጣ ስላቸው ቁርስ ሳትበይ ወዴት ብለው በሩን ይይዙብኛል» አለች። የዘመድ ቤት ደግነቱ ራሱ ሰዓት ይበላል።

ቡና የምታፈላው ሴት እስከዚህ ድረስ ከሰሉን ስታራግብ ነበር። ለካስ አዲስ አበባ ፔንሲዮን ውስጥ ስትሠራ የኖረች ናት።

«የት ብላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ምን ዓይነት ክፍል የሚል ግን የለም። እታለም፣ ክፍሉን ሳታዪ ብር አታውጪ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ‹ውሃ አለ?› ካልሻቸው ሁልጊዜ አለ ነው መልሱ። ‹ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ለስንት ክፍል?› በያቸው። 2,000 ሊትር ለ20 ክፍል ማለት ለአንዱ ክፍል 100 ሊትር ነው፤ የቧንቧው ውሃ ከተቋረጠ በማግስቱ ያልቃል። ሮቶው መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲሄድ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ውሃም የለውም። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ግን በራሱ ይወርዳል።»

«ጉድ ነው!» አለ ነጋዴው፤ ስንት ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ ሳሙና ተቀብቶ እንደቀረ ፊቱ ይናገር ነበር።

እሷ አላቆመችም። የፍራሹን ጠርዝ ስፌት ገልጦ ማየት፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሌላ ክፍል። ምድር ቤቱ ግሮሰሪ ከሆነ ከጀርባ ያለውን ክፍል መጠየቅ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ መሞከር። ክፍሉ የሚለቀቅበትን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ። ደረሰኙን ደግሞ በገቡበት ቀን፣ የድርጅቱ ቲን ቁጥር ያለበትን የማሽን ወረቀት መጠየቅ፤ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ይዞ የተመለሰ ሰው ሒሳብ ክፍል በር ላይ ነው የሚከራከረው።

«ይህን ሁሉ ስትመረምር ሥልጠናው ያልቃል» ቢል ነጋዴው የሰማው የለም።

ወሬው ወደ ሩጫው ዞረ። ባጃጅ ነጂው እንጦጦ ብሎ ድርቅ አለ፤ በ2013 ፓርክ ሆኖ ተከፍቷል፣ ጫካ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው። መምህሩ ሳቁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ መሐሉ 2,300ን ያልፋል፤ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 በላይ ነው። «የእኛን ቁስቋም ዳገት የለመደ ሳንባ እዚያ ሲደርስ ይቅርታ ይጠይቃል። ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ በእግሯ ትደርሳለች፤ መሬቱ አፈርና ሣር ነው፣ ጉልበት አይመታም።»

«ሰኔና ሐምሌ ጭቃ ነው እንጂ» አለች ነርሷ።

«ያን ጊዜ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ነዋ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። ደረጃው ላይ ሯጮቹ እንደሚያደርጉት አንዱን እርከን ከጫፍ ጫፍ ሄደሽ ወደሚቀጥለው መውጣት ነው። ብቻ አትርሺ፣ መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ የሚፈትንሽ መመለሻው ነው። ጉልበትሽን እታች አትጨርሺ።»

በምግቡ ላይ ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር፣ ጠባዩ ቢያናድድም። «በያይነቱ ረቡዕና ዓርብ ብዪ» አላት። በጾም ቀን ሁሉም ስለሚያዝ ወጡ አያድርም፤ በሌላው ቀን ግን ጾመኛው ጥቂት ነው፣ የትናንት ክክ ሊሞቅ ይችላል። ክትፎ ስታዝ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ መሆኑን ራሷ ትናገር፤ ዝም ካለች ቤቱ እንደ ልማዱ ይሠራላታል፣ የኮሶ ትል ደግሞ በጥሬው ነው የሚመጣው። ትልልቆቹ ቤቶች የሚሰቅሉት ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል፤ 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ሲጨመር የ1,000 ብሩ ሳህን 1,265 ይሆናል። እንጀራው ሩዝ የበዛበት ከሆነ ጠርዙ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ሁሉም ተያይተው ሳቁ፤ የፎገራን ሩዝ አጠገባችን አስቀምጠን የአዲስ አበባን እንጀራ ማማት አያምርብንም።

እኔ የምፈርደው ለአልጋው ቦታ ለመምህሩ፣ ለክፍሉ ለቡና አፍይዋ ነው፤ ግን ፒያሳ ድረስም መውረድ አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ፔንሲዮን ትፈልግ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጃን ሜዳ ሮጣ፣ ታጥባ፣ ቁርስ በልታ ሥልጠናዋ ላይ በእግሯ ትደርሳለች። ይህን ቦሌም አያትም አይሰጣትም። አውሮፕላኑ በማለዳ ቢሆን እንኳ ለመጨረሻው ሌሊት ብላ ወደ ቦሌ አትዛወር፤ ጎህ ሳይቀድ መንገዱ ባዶ ነው፣ አንድ የራይድ ሒሳብ ከአዲስ አልጋ ይረክሳል።

እንጦጦ ለቅዳሜ ይቆያት፣ በረራዋ ከሰዓት ከሆነ። እስከዚያ ሳንባዋ አምስት ቀን ለምዷል። በታክሲ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ሌላ ይዛ ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ድረስ፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በእርምጃ፣ ብቻዋንም ሳትሆን። ነጋዴው «ሥልጠናው ሲያልቅ ማታውኑ ክትፎ ቤት» ያላት ግን አይሆንም። ዓርብ ነው። ክትፎው ማክሰኞ ማታ ይሁን፣ ረቡዕ ጠዋት ሩጫው ይቅር፤ ያን ሁሉ ቅቤና ሚጥሚጣ ተሸክሞ ጃን ሜዳን የሚዞር ሆድ የለም።