ዘንዶው ዋስ አጣ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ ሰውን ወደ ቤት ይሰበስባል። ከተሰበሰብክ በኋላ አንድም ካርታ ትጫወታለህ፣ አንድም ሰው ታማለህ። እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለያየን አራት ጓደኛሞች ነን፤ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ አንድ መንዜና እኔ። ካርታው ሰለቸን። የሚታማ ሰውም አለቀብን።

ስለዚህ አዲስ ጨዋታ አመጣሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1974 ያወጡት ነው። እኛ ንጉሥ ስናወርድ እነሱ ዘንዶ ይገድሉ ነበር ማለት ነው። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል። ታሪኩን ይተርካል፤ ንጉሡንም፣ ጠላ ሻጯንም፣ ዘንዶውንም ሆኖ ይናገራል። ሌሎቹ አንዳንድ ሰው ፈጥረው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። መሳካቱን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስናል።

"እቃ እቃ ነው በለና!" አለ ነጋዴው።

ነው። ምን ብዬ ልካድ?

ሰው መፍጠሩ ላይ ነው የተጀመረው። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ በቁጥር ይሰፈራሉ። ነጋዴው ግርማ ሞገሱን 18፣ ጉልበቱን 6 አደረገ። "ሸክም በወዛደር ነው" አለ። የቢሮ ሠራተኛውን ጠንቋይ ሁን ስለው "የንስሐ አባቴ ቢሰሙስ?" ብሎ ደነገጠ። ተደራድረን "የእሳት ጉዳዮች ከፍተኛ ባለሙያ" ሆነ። መንዜው ጎራዴ ታጠቀ። እኔ ንጉሥ ሆኜ ተልዕኮ ልሰጣቸው ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ "ግርማዊ ሆይ፣ የማትሪክ ሒሳብ ከማን እንደኮረጁ ረሱት?" አለኝ መንዜው። ከዘጠነኛ ክፍል የሚያውቅህ ሰው ፊት መንገሥ አይቻልም።

ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ፈልጌ አጣሁ። የሉዶው ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ስልክ ላይ የሚጥል አፕ አለ፤ "ስልክህን አናምነውም" አሉኝ። ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ጠቅልለን ኮፍያ ውስጥ ጨመርን። ለካ ሀበሻ ፊት የተጠቀለለ ወረቀት ኮፍያ ውስጥ አይጨመርም። ነጋዴው ገና በመጀመሪያው ማታ 20 ወጣለት። ሊጠቀምበት ግን አልፈለገም። "የቸገረው አለ? በሁለት ቢራ እለቃለሁ" አለ። የእሳት ባለሙያው እሳት ሊወረውር ነበርና ገዛው። ሕጉ አይፈቅድም ብዬ ጮህኩ። "ሰብሳቢ አይጮህም" ተባልኩ። ጨዋታ መሪነቴ በዚያው ቀረ፤ ዕቁብ ሰብሳቢ ሆንኩ።

ዋናውን ታሪክ ጣርማ በር ላይ አደረግኩት። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መኪና በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ የሚያልፍበት ጉም አለ። ዘንዶ ቢደበቅበት ማን ያየዋል? ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ጎን ሌላ ዋሻ ፈልስፌ አስተኛሁት። ካርታ ሳልኩ። የዘንዶውን አተነፋፈስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተለማመድኩ። ባለቤቴ በሩን አንኳኩታ "አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። ባና ደርበን፣ አረቄው መሀል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድምፄን አወፈርኩ። "ከጨለማው ውስጥ ሁለት ቀያይ ዓይኖች..."

መንዜው እጁን አወጣ። "ቆይ፤ ይሄ ዋሻ የማን ርስት ነው?"

"ምን?"

"ባለቤት የሌለው መሬት አለ እንዴ?"

አያቱ ለሁለት ጥማድ መሬት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ይሄን እንደ ዓድዋ ድል ነው የሚተርከው። ጎራዴውን ወደ አፎቱ መለሰ። ጣቱን እያጠፈ የዘር ሐረጉን ቆጠረ። ሰባተኛው ቤት ላይ ዋሻውን አገኘው።

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ በዘንዶው ድምፅ "እኔም እትብቴ የተቀበረው እዚሁ ነው" አልኩ።

"በማን በኩል?"

"በእናቴ።"

አፌን በቆረጠው! ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳል። ክርክሩ ሕጋዊ ሆነ። የእሳት ባለሙያው እስክሪብቶ አወጣና ቃለ ጉባኤ መያዝ ጀመረ። "ለነገሩ ርስት በየካቲት 1967 አዋጅ ቀርቷል" አለ። "ዘንዶው ተኝቶ ስለነበር አዋጁን አልሰማም" አልኩ። ይሄንንም ጻፈው።

ሽማግሌ ይግባ ተባለ። ሦስቱንም ሽማግሌ የምሆነው እኔ ነኝ፤ ዘንዶውም እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ራሴን ገላገልኩ። በመጨረሻ ዕጣ ይውጣ ተባለ። ለመንዜው 3፣ ለዘንዶው 17 ወጣ። "ይግባኝ!" አለ መንዜው። መሀል ላይ ለቅሶና ክርስትና እየገባ ይግባኙ አራት ቅዳሜ ፈጀ።

ያስታረቃቸው ነጋዴው ነው። "ዘንዶ የሚተኛው ወርቅ ላይ አይደል? ዋሻውን እኩል ይካፈሉና ዕቁብ እንግባ" አለ። ባለ 18 ግርማ ሞገስ አይደል፤ ሁሉም እሺ አለ። ሰብሳቢው ኮፍያውን ነቀነቅኩ። የመጀመሪያው ዕጣ ለዘንዶው ወጣ።

ዝም አሉ። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰብሳቢውና ዘንዶው አንድ ሰው ናቸው" አለ የእሳት ባለሙያው፤ ጻፈውም። አሁን ዘንዶው ዋስ ካላመጣ ብሩን አይወስድም ተብሏል። እሱ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።