ይድረስ በደሴ ለሰፈራችን ቱቦ

ክቡር አቶ ቱቦ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሽታዎ በቀር ደህና ነን። የልጆች ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት አለ፤ እሱን ግን ለምደነዋል፤ ከሕመም አንቆጥረውም።

የምጽፍልዎ ልሰድብዎ አይደለም። ስድብማ ከአላፊ አግዳሚው በየቀኑ ይደርስዎታል፤ በተለይ ክዳንዎ በጠፋበት በኩል እግሩ ከገባበት ሰው። እኔ ያነሳሳኝ አድናቆት ነው። በዚህ ሰፈር እንደ እርስዎ የሰው ገመና የሚያውቅ የለም። የየትኛው ቤት ልጅ ሆዱን እንዳመመው፣ ማን መድኃኒት እንደጀመረ፣ ማን ዝናብ ጠብቆ ሽንት ቤቱን እንደለቀቀ፣ ሁሉም እርስዎ ዘንድ አለ። (የመጣጭ መኪናው ዋጋ አይቀመስም፤ ዝናብ ግን ነፃ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ የአንዳንድ ጎረቤቶቼ ፊት የሚበራው ለእርሻ አይምሰልዎ።)

ያወቁትንም ደብቀው አያውቁም። የሚሰማዎ ነው የጠፋው።

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ልጆች በየተራ ሲወድቁ ምርመራውን ያካሄድነው ቡና ላይ ነበር። በአቦል ብርድ ነው ተባለ። በቶና ጥፋቱ ወደ ሽሮው ዞረ። በረካ ላይ ስንደርስ ዓይን ነው ብለን ተስማማን። ልጆቹ ታጠኑ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተበተንን። እርስዎ ከደጃፉ ሥር ማስረጃውን ተሸክመው ያልፉ ነበር። ለምስክርነት የጠራዎት የለም።

ሰው አገር እንዲህ አይደለም። በ2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2022፣ ሎንዶን ውስጥ ከፍሳሽ በተቀዳ ናሙና የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። በከተማዋ ሽባ የሆነ አንድም ሰው አልታየም። ቢሆንም ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ተጨማሪ ክትባት ታወጀ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖሊዮ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ገደማ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ለሳምንታት ቫይረሱን በሰገራቸው ያወጣሉ። ሐኪም ቤቱ ያንን አንድ ሰው ሲጠብቅ ቱቦው ሁሉንም ተቀብሏል። በኮሮና ጊዜም ብዙ ከተሞች የወረርሽኙን መውጣትና መውረድ ከፍሳሽ ሲያነቡ ነበር።

የእነሱ ቱቦ ባለሙያ ይጎበኘዋል። ከእርስዎ የሚቀዳ ቢኖር ግን መኪና አጣቢው ልጅ ነው።

ስለ ወዳጅዎ ስለ ውሃ ቧንቧውም ላንሳ። በሆድዎ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ውሃ ሲኖር ችግር የለም፤ ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ በቧንቧው ስንጥቅ የሚወጣው የእሱ ውሃ ነው። ፈረቃው ሲያልፍና ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ስንጥቅ እርስዎን ወደ ውስጥ ይስባል። ከቀናት በኋላ «ውሃ መጣ!» ብለን እልልታውን ስናቀልጠው፣ መጀመሪያ ጀሪካናችን ውስጥ የሚገቡት እርስዎ ነዎት። ለነገሩ ጎረቤት ነዎት፤ ቤት ድረስ መምጣትዎ ነውር የለውም። ማንኳኳት ግን ነበረብዎ።

ከእኛ ሲለዩ ደግሞ ስምዎን ቀይረው ቦርከና ወንዝ ይሆናሉ። ኮምቦልቻ ላይ ወግ ያለው ባልንጀራ ይጠብቅዎታል። ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚወርደው ሌላ ነው። ጨርቅ ሲነከር ቀለም ይተርፋል፤ ቆዳ ሲለፋ ክሮሚየም የሚባል ብረት ይቀራል፤ የቢራ ጠመቃ እጣቢ ደግሞ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል። ይህ ሁሉ ከመለቀቁ በፊት ሊጣራና ሊለካ ይገባ ነበር። እኛ ግን መለኪያችን አፍንጫ ነው፤ ካልሸተተ ንጹሕ ነው እንላለን። ክሮሚየም እኮ አይሸትም! እንዲህ ተደግሰው ጨፋ ረግረጉ ሜዳ ይደርሳሉ። እዚያ ከብቱ ይጠጣዎታል፤ ከዚያም አዋሽ። በመንገድዎ ያጠጡት ሰላጣና ቆስጣ ግን እርስዎን ቀድሞ በአይሱዙ ወደ እኛ ይመለሳል። ሰላጣውን በምን እንደምናጥበው አይጠይቁኝ።

ሕግ የለም እንዳይሉ፣ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የትኛውም ግቢ ገብቶ ናሙና በነፃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። የሚገርመው፣ እርስዎ ግቢም በርም የለዎትም። አስፋልት ዳር ተዘርግተው ነው ያሉት። ዘበኛ አያስቆምም፣ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ጸሐፊ የለም። ይህ ሁሉ ተመቻችቶም አንድ ጠርሙስ ይዞ የመጣ አላየሁም። የክረምቱ ቆሻሻ ሲጠረግ ከአካፋው ጋር ካሜራ ይመጣል፤ ያ እንኳ ይዘትዎን ሳይሆን ባለሥልጣኑን ለመቅረጽ ነው።

እንግዲህ ናሙና ቀጂዎቹ ድንገት ቢመጡ እንዳይደናገሩ ልንገርዎ። ናሙና የሚቀዳው በማለዳ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሽንት ቤት በሚመላለስበት ሰዓት። አንድ ሊትር ያህል ይበቃቸዋል። ባለሙያው ጓንት ያጠልቃል፤ ጠርሙሱን በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣል። ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከመጣ እሱ መኪና አጣቢው ነው፤ አይሸወዱ።

አክባሪ ጎረቤትዎ